የክሪኬት ዘጋቢውና የገዢው ፓርቲ ጋዜጣ

በአገራችን የጋዜጣ ልማድ የስፖርት ዓምድ ከኋላ ገጽ የሚቀመጥ፣ ፖለቲካ የሰለቸው አንባቢ አረፍ የሚልበት ጥግ ነው። አንድ ጋዜጠኛ «እኔ እንኳ የስፖርት ዘጋቢ ነኝ» ካለ ራሱን ከነገር ማውጣቱ እንደሆነ ሁሉም ይረዳለታል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ባለታሪክ የክሪኬት ዘጋቢ ነው ብል አንባቢዬ ገጹን ሊያልፈው ይችላል። እንዳያልፈው የምለምነው ይኸው ሰው አገራችን በፋሺስት ኢጣሊያ ስትወረር ሎንዶን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ከጮኹት ጥቁሮች ግንባር ቀደሙ ስለነበረ ነው። ከዚያም ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በአገሩ የገዢ ፓርቲ ልሳን ዋና አዘጋጅ ሳለ፣ የአንድን የስፖርት ቡድን አምበል ለማስለወጥ የከፈተው ዘመቻ በጋዜጣና በሥልጣን መካከል ስላለው ዝምድና ብዙ ያስተምራል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።)

ሰውየው ሲሪል ላየነል ሮበርት ጄምስ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ሲ.ኤል.አር. ጄምስ በሚለው አጭር ስሙ ነው። በ1901 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በትሪኒዳድ ደሴት ተወለደ። የታሪክ ጸሐፊ፣ የልብ ወለድ ደራሲ፣ የማርክሳዊ ፍልስፍና ሊቅ፣ የጥቁር ሕዝቦች ነፃነት ታጋይ እየተባለ ብዙ ተጽፎለታል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን እንጀራውን ያበሰለበትን ሙያ፣ ክሪኬት መዘገብንና ጋዜጣና መጽሔት ማዘጋጀትን ነው። የቀረው ሊቅነቱ ሁሉ በዚህ ሙያ ውስጥ አልፎ የመጣ ይመስለኛልና።

ክሪኬት ለእኛ ባዕድ ጨዋታ ስለሆነ ጥቂት ልበል። ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው 11 ሰዎች አሰልፈው ይገጥማሉ። የአንዱ ወገን ተጫዋች ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን ተጫዋች ጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ ይዞ፣ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት ዘንጎች እየተከላከለ፣ ኳሷን ይመታል፤ ኳሷ ርቃ ስትሄድለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። «ቴስት» የሚባለው የአገሮች ግጥሚያ አምስት ቀን፣ በዚያ ዘመን አንዳንዴም ስድስት ቀን ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ለሻይ ይቋረጣል። እንግሊዞች ይህን ጨዋታ የመልካም ጠባይ ትምህርት ቤት አድርገው ነው የያዙት፤ ዳኛ የፈረደው ይግባኝ የለውም፤ የተሸነፈ አያኮርፍም፤ ያሸነፈም አይፎክርም። በእኛ አገር በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ለዚያች ቀን ይቅር ይባልለታል። በእንግሊዝ ክሪኬት ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ያለ ደመወዝ የሚጫወቱት «ጌቶች» እና ደመወዝተኞቹ ተጫዋቾች እስከ 1962 መጨረሻ ድረስ በመዝገብ ተለይተው ይጻፉ ነበር፤ በብዙ ቦታም ወደ ሜዳው የሚወጡበት በር ሳይቀር የተለያየ ነበር። አምበልነት እንደ ልማዱ የጌቶቹ ድርሻ ነበር።

በቅኝ ግዛቶቹ ደግሞ በመደብ ላይ የቆዳ ቀለም ተጨመረበት። በትሪኒዳድ እያንዳንዱ የክሪኬት ክለብ አንድ የቀለምና የኑሮ ደረጃ ነበር። ኩዊንስ ፓርክ የነጮችና የባለጸጎች፣ ሻምሮክ በአብዛኛው የካቶሊክ ነጮች፣ ሜፕል ቀላ ያሉት መካከለኛ መደብ ክልሶች፣ ሻነን የጥቁር አስተማሪዎችና ጸሐፊዎች፣ ስቲንጎ የድሆቹ ነበር። ጄምስ ጥቁር ነው፤ አባቱ አስተማሪ ነበሩ፤ እርሱም ተምሮ አስተማሪ ሆኗል። በተፈጥሮው ወደ ሻነን መሄድ ሲገባው ሜፕልን መረጠ። ይህ ምርጫ ከሕዝቡ እንዳራቀውና የፖለቲካ ዓይኑ የሚገለጥበትን ጊዜ በብዙ ዓመታት እንዳዘገየበት ራሱ ኋላ ጽፏል። አንድ ሰው የፖለቲካ ታሪኩን ከመረጠው የጨዋታ ክለብ ጀምሮ ሲቆጥር ሳይ እኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ልጅነቱ ልመለስ። የቤተሰቡ ቤት ቱናፑና በምትባል ትንሽ ከተማ ከክሪኬት ሜዳው አጠገብ ነበር። መስኮቱ ወደ ሜዳው ያያል፤ ብላቴናው ወንበር ላይ ቆሞ ሲጫወቱ ይመለከታል፤ ከዚያው ወንበር ላይ እጁን ዘርግቶ መጽሐፍ ያወርዳል። እናቱ መጽሐፍ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ነበሩና የታከሬይን «ቫኒቲ ፌር» ገና በልጅነቱ ደጋግሞ አነበበው። ሁለቱ ነገሮች፣ ሥነ ጽሑፍና ክሪኬት፣ በአንድ መስኮት ገቡለት፤ ከዚያ ወዲያም አልተለያዩም። በነፃ የትምህርት ዕድል ፖርት ኦፍ ስፔይን ወደሚገኘው ኩዊንስ ሮያል ኮሌጅ ገባ። ተማሪው ከትምህርቱ ይልቅ አጥብቆ የያዘው የሜዳውን ሕግ ነበር፦ አታጭበርብር፣ ከዳኛ ጋር አትከራከር፣ ከራስህ ይልቅ ቡድንህን አስቀድም። ይህን ሕግ አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

የማዘጋጀት ሥራውን የጀመረው እዚያው ትሪኒዳድ ነው። ከአልፍሬድ ሜንዴስ ጋር ሆኖ በ1929 ገና ሰሞን «ትሪኒዳድ» የተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አወጣ፤ ሁለተኛው ቁጥር በ1930 ፋሲካ ታተመና መጽሔቱ በዚያው ቀረ። ሁለት ቁጥር ብቻ! በአገራችን ሁለት ቁጥር አውጥተው የከሰሙትን መጽሔቶች ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። ከዚያ በኋላ አልበርት ጎምስ ባቋቋመው «ዘ ቢከን» በተባለ መጽሔት ላይ ይጽፍ ጀመር። በ1931 ሲድኒ ሃርላንድ የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት የጥቁር ዘር በአእምሮ ያንሳል የሚል ጽሑፍ በዚሁ መጽሔት አወጣ። ጄምስ መልስ ሰጠ። መልሱ ስድብ የለበትም፤ እንደ ጥሩ የክሪኬት መቺ የመጣለትን ኳስ ሁሉ አንድ በአንድ አይቶ የሚመልስ ጽሑፍ ነው።

በ1932 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። የጠራው የአገሩ ልጅ ሊሪ ኮንስታንቲን ነበር። ኮንስታንቲን የዘመኑ ዝነኛ ተጫዋች ሲሆን ላንካሺር ውስጥ ለምትገኘው ለኔልሰን ከተማ በደመወዝ ይጫወት ነበር። ጄምስ እርሱ ቤት አርፎ «ክሪኬትና እኔ» የተባለውን የኮንስታንቲንን መጽሐፍ አብሮት ጻፈ፤ በ1933 ታተመ። ኔልሰን የሸማኔዎች፣ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ከተማ ናት፤ በግራ ፖለቲካዋም የታወቀች ነበረች። ጄምስ ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ ከመጽሐፍ ያላገኘውን እዚያ በዓይኑ አየ። ሥራ ያገኘውም በዚያው ሰሞን ነው። ሲድኒ ባርንስ የሚባል፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው ወርዋሪ፣ በ59 ዓመቱ ሲጫወት ተመልክቶ ያየውን ጻፈና «ማንችስተር ጋርዲያን» ለተባለው ጋዜጣ የክሪኬት ጸሐፊ ለኔቪል ካርደስ ላከው። ካርደስ በክሪኬትም በሙዚቃም ሂስ የተከበረ ብዕረኛ ነበር። ጽሑፉን ወደደው፤ ጄምስም በ1933 የጋዜጣው የክሪኬት ዘጋቢ ሆነ። ኋላ ደግሞ ለ«ግላስጎ ሄራልድ» ሠርቷል።

አስቡት፤ ጊዜው የ1930ዎቹ ዓመታት ነው። ከቅኝ ግዛት የመጣ ጥቁር ሰው በእንግሊዝ ስመ ጥር ጋዜጣ ላይ ስለ እንግሊዞች ብሔራዊ ጨዋታ ለእንግሊዞች ያስረዳል። በበጋ ግጥሚያ ይዘግባል፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ ፓሪስ ሄዶ ስለ ሄይቲ አብዮት መዝገብ ያገላብጣል። በ1938 «ጥቁር ያቆብናውያን» የሚለው ዝነኛ የታሪክ መጽሐፉ ታተመ። ለዚያ መጽሐፍ ወረቀትና ሻማ የገዛው የክሪኬት ዘገባ ደመወዝ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ሎንዶን ውስጥ የአፍሪካና የካሪቢያን ልጆች የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊቀ መንበሩ ጄምስ ሆነ። የማርከስ ጋርቬይ የቀድሞ ባለቤት ኤሚ አሽውድ ጋርቬይ እና ኋላ የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታ ከባልደረቦቹ ነበሩ። የሲልቪያ ፓንክረስትን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ጋዜጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ አስከሬኗም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርፏል። የእነዚህን ጥቁሮች ማኅበር ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ጄምስ በእንግሊዝ ነፃ ሠራተኞች ፓርቲ ጋዜጣ በ«ኒው ሊደር»፣ እንዲሁም የቀለም ሕዝቦች ማኅበር በሚያወጣው «ዘ ኪይስ» መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ጻፈ። ክርክሩ ከዘመኑ ሰዎች የተለየ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር ይታደገናል የሚለውን ተስፋ አልተቀበለም፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም ቅኝ ገዢዎች ናቸውና ከጅብ ጋር ተማክሮ ጅብን ማባረር አይቻልም ባይ ነበር። ማዕቀቡን ወደብ ላይ ያሉት ሠራተኞች ራሳቸው ይጣሉት አለ።

ከዚያም አልፎ ዘምቶ ለመዋጋት ጠየቀ። ይህ እኔ የፈጠርሁት ጌጥ አይደለም፤ በሰኔ 1936 በ«ኒው ሊደር» ላይ ምክንያቱን ዘርዝሮ ጽፎታል። በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ውስጥ ገብቶ ከተራው ሕዝብና ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር ለመገናኘት፣ በኢጣሊያ ወታደሮችም መካከል ፀረ ፋሺስት ቅስቀሳ ለማድረግ አስቦ ነበር። ለፊውዳሉ ሥርዓት ፍቅር አልነበረውም፤ ያንንም አልደበቀም። በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ ፈረንጆቹ ዶክተር ማርቲን የሚሏቸው፣ በማኅበሩ ውስጥ የምትሠራው ሥራ ለትግሉ ይበልጥ ይጠቅማል ብለው መለሱት። ሐኪሙ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የክሪኬት ዘጋቢ ማይጨው ላይ ምን ይፈይድ ነበር? ሎንዶን ላይ ግን ብዕር ነበረው።

ያ ማኅበር ሲከስም በ1937 «ዓለም አቀፍ የአፍሪካ አገልግሎት ቢሮ» የሚባል ሌላ ድርጅት በቦታው ተተካ። መሪው የጄምስ የልጅነት ጓደኛ ጆርጅ ፓድሞር ነበር። ከአባላቱ አንዱ የጉያና ተወላጅ ሲሆን የኢትዮጵያ መወረር ካንገበገባቸው ሰዎች አንዱ ስለነበር የወላጆቹን ስም ጥሎ «ራስ መኮንን» ተብሏል። ድርጅቱ ከ1938 አጋማሽ ጀምሮ «ኢንተርናሽናል አፍሪካን ኦፒኒየን» የተባለ መጽሔት አወጣ፤ አዘጋጁ ጄምስ ነበር። ከዚያ ክበብ ውስጥ ኋላ የአፍሪካ ነፃነት መሐንዲሶች ወጡ። ጄምስ ግን የመጽሔቱን ሥራ ብዙ ሳይገፋበት በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሄደ።

አሜሪካ አሥራ አምስት ዓመት ኖረ፤ ክሪኬት በሌለበት አገር። የትሮትስኪ ተከታይ ቡድኖች ውስጥ በብዕር ስም ሲጽፍና ሲያደራጅ ቆይቶ በ1952 ኤሊስ ደሴት ላይ ታሰረ፤ በ1953ም አገሩን ለቆ ወጣ። ያን ጊዜ በዝርዝር አልገባበትም። አንዲት ነገር ብቻ ላንሣ። በ1951 የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ጉቦ እየተቀበሉ ነጥብ ሲያጎድሉ መገኘታቸው ተሰማ። ጄምስ ደነገጠ። አብረውት የነበሩት ወጣት አብዮታውያን ግን አልደነገጡም፤ ተጫዋቾቹ ለኮሌጁ ታማኝ የሚሆኑበት ምን ምክንያት አላቸው አሉት። ካፒታሊዝምን ከሥሩ ለመንቀል የተነሣው ሰው ከኩዊንስ ሮያል ኮሌጅ ሜዳ ይዞት የወጣው ሕግ አሁንም በውስጡ እንዳለ ያን ቀን ተገነዘበ። የእንግሊዞቹን ሥነ ምግባር ከእንግሊዞቹ ይበልጥ አምኖበት ነበር።

በ1958 ከ26 ዓመት በኋላ ትሪኒዳድ ተመለሰ። የአገሪቱ መሪ ኤሪክ ዊልያምስ የኮሌጅ ተማሪው የነበረ ሰው ነው። ዊልያምስ የፓርቲውን ሳምንታዊ ጋዜጣ «ዘ ኔሽን»ን እንዲያዘጋጅ መምህሩን ጋበዘ። ፓርቲው ሕዝባዊ ብሔራዊ ንቅናቄ ይባላል፤ ደሴቶቹም በዚያው ዓመት በፌዴሬሽን ተሳስረው ነፃነትን ይጠባበቁ ነበር። የፓርቲ ልሳን ምን ዓይነት ጋዜጣ እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያሻም። ከፊት ገጽ የመሪው ፎቶ፣ ከሥሩ የመሪው ንግግር፣ ከጀርባው የመሪው ጉብኝት። ጄምስ ግን በዚህ ጋዜጣ ላይ ክሪኬትን ከኋላ ገጽ አንሥቶ ወደ ፊት አመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሪቢያን እንግሊዝ ተገዢ ደሴቶች «ዌስት ኢንዲስ» በሚል አንድ ስም የቴስት ግጥሚያ የጀመሩት በ1928 ነው። ተጫዋቾቹ በብዛት ጥቁሮች ሆኑ፤ ዝናውንም ያመጡት እነርሱ ናቸው። አምበሉ ግን ነጭ ወይም ለነጭ የቀረበ ሰው መሆን ነበረበት። ጥቁሩ ጆርጅ ሄድሊ በ1948 አንድ ግጥሚያ ብቻ መራ። በ1955 አውስትራሊያ ስትመጣ ፍራንክ ዎሬል፣ ኤቨርተን ዊክስና ክላይድ ዎልኮት በቡድኑ ውስጥ እያሉ ዴኒስ አትኪንሰን አምበል ሆኖ ተሰለፈ። ሕጉ የትም አልተጻፈም። ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ ለመሻር እጅግ ያስቸግራል፤ ማን ይሻረው? የት ገጽ ላይ ተገኝቶ?

በ1960 መጀመሪያ እንግሊዞች ለግጥሚያ መጡ። የዌስት ኢንዲስ አምበል ጄሪ አሌክሳንደር ነበር፤ ጃማይካዊ፣ ቀይ፣ በካምብሪጅ የተማረ፣ ከዘንጎቹ ጀርባ ኳስ የሚቀልብ ጥሩ ተጫዋች። ዎሬል በሥሩ ተሰልፏል። ጥር 30 ቀን ፖርት ኦፍ ስፔይን በሚገኘው በኩዊንስ ፓርክ ኦቫል ሜዳ 30,000 ያህል ሰው ታድሟል። ዌስት ኢንዲስ እየወደቀች ነው። ቻራን ሲንግ የተባለ የዚያው ደሴት ልጅ በመጀመሪያ የቴስት ግጥሚያው ሲሮጥ ተቀደመና ዳኛው ውጣ አሉት፤ ቡድኑ በ98 ነጥብ ስምንት ሰው ወጣበት። ያን ጊዜ ጠርሙስ መዝነብ ጀመረ። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ፈሰሰ፤ የዕለቱ ጨዋታም ተቋረጠ።

እንግዲህ ልብ ይበልልኝ ያልሁት ሕግ እዚህ ላይ ይመጣል። ከዳኛ ጋር አትከራከር የሚለውን ቃል እንደ ጸሎት የያዘው ሰው፣ በዳኛ ፍርድ ጠርሙስ የወረወረ ሕዝብ ገጠመው። የፓርቲው ልሳን አዘጋጅም ነው፤ መንግሥት ከእንግሊዝ ጋር ስለ ነፃነት እየተደራደረ ነው። ቀላሉ መንገድ ወሮበሎችን አውግዞ እንግሊዞችን ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ሌላው ቀላል መንገድ ሕዝቡን አበጀህ ማለት ነበር። ጄምስ ሁለቱንም አላደረገም። ዳኛው የአገሩ ሰው ነው፣ ፍርዱም ስሕተት የለበትም፤ ጠርሙስ መወርወርም ነውር ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡን ያስቆጣው ዳኛው አይደለም አለ። ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት ዎሬልን የመሰለ ሰው ወደ ጎን እየተገፋ ሲያይ ኖሯል፤ የሚወደው ነገር በሚንቁት ሰዎች እጅ እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ማናቸውም ክፉ አጋጣሚ ሲመጣ ተንኮል አለበት ብሎ ይጠረጥራል። እምነት የጠፋበት ሜዳ ላይ ትክክለኛ ፍርድም እንደ ግፍ ይታያል። አንባቢዬ ይህን ሐሳብ ክሪኬትን አውጥቶ፣ በምትኩ ምርጫ ወይም ፍርድ ቤት አስገብቶ ቢያነበው ቅር አልሰኝም።

«ዘ ኔሽን» በየሳምንቱ አሌክሳንደር ይውረድ፣ ዎሬል ይሹም እያለ ጻፈ። ጄምስ ጥንቃቄ የጎደለው ጸሐፊ አልነበረም፤ አሌክሳንደርን በግል አላዋረደውም፤ ጥያቄው ስለ ተጫዋቹ ጠባይ ሳይሆን ስለ ሥርዓቱ መሆኑን ደጋግሞ ገልጿል። ክርክሩም ዎሬል ጥቁር ስለሆነ ይሾም የሚል አልነበረም፤ ዎሬል ከሁሉ የተሻለ ስለሆነ ይሾም፤ ጥቁር ስለሆነ መከልከሉ ይብቃ የሚል ነበር። የሁለቱ አባባሎች ልዩነት ጥቂት ይመስላል፤ ግን ዘመቻውን ከጥላቻ ቅስቀሳ የለየው ያ ጥቂት ነገር ነው። ዌስት ኢንዲስ ያን ግጥሚያ በ256 ነጥብ ተሸነፈች። በዚያው ዓመት ግን ዎሬል ወደ አውስትራሊያ ለሚሄደው ቡድን አምበል ሆኖ ተሾመ፤ የአንድን ሙሉ የቴስት ውድድር የመራ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ማለት ነው።

ጋዜጣው ብቻውን ይህን አመጣ ብል ማጋነን ይሆናል። የፌዴሬሽኑ ነፋስ እየነፈሰ ነበር፤ ዎሬልም በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በጠባዩ ወዳጅ ጠላት የሚያከብረው ሰው ነበር። ጋዜጣው ያደረገው ነገር ሰው ሁሉ በጓዳ የሚያወራውን በፊደል ጽፎ፣ ስም ጠርቶ፣ በአደባባይ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ኃላፊዎቹ አልሰማንም ለማለት አልቻሉም።

ውጤቱስ? በታኅሣሥ 1960 ብሪዝበን ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ግጥሚያ በእኩል ነጥብ ተፈጸመ፤ በቴስት ክሪኬት ታሪክ ያ ዓይነት ፍጻሜ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ውድድሩን አውስትራሊያ 2 ለ 1 አሸነፈች። የተሸነፈው ቡድን ግን በሜልበርን ጎዳናዎች በክፍት መኪና ሲሸኝ ሕዝቡ መንገዱን ዘጋው፤ የሁለቱ አገሮች ዋንጫም በፍራንክ ዎሬል ስም ተሰየመ። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ የአሌክሳንደር ነገር ነው። ከአምበልነቱ ወርዶ የዎሬል ምክትል ሆነ፤ አላኮረፈም። በዚያ ውድድር ከቡድኑ መቺዎች ሁሉ የበለጠ አማካይ ውጤት ያስመዘገበው እርሱ ነው፤ ሲድኒ ላይም 108 ነጥብ አገባ፤ በከፍተኛ ደረጃ ጨዋታ ዘመኑ ሁሉ ከመቶ ያለፈባት ብቸኛዋ ቀን ናት። ከወንበር መውረድ ለሞት የሚመስላቸውን ሰዎች እያየን ላደግን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጄምስ ሁልጊዜ ከወዳጆቹ ጋር ይስማማ ነበር ማለት አይደለም። በ1959 ዎሬል አንድ የጥቁሮች ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ወስዶ ከዚያ አገር ጥቁሮች ጋር ብቻ ሊጫወት ታቅዶ ነበር። ኮንስታንቲን ይህ አፓርታይድን መቀበል ነው ብሎ ተቃወመ። ጄምስ ግን ይሂዱ አለ፤ የታፈኑት ተጫዋቾች ለዓለም ይታዩ ሲል ተከራከረ። ጉዞው ተሰረዘ። በዚህ ነገር እኔ ከኮንስታንቲን ጎን ነኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957፣ ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስላለች ከውድድሩ ወጥታ ነበር፤ ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያም በቀጥታ ለፍጻሜ አልፋለች። የሚበጀው መንገድ ያ እንደነበር የኋላው ታሪክ አሳይቷል።

የመምህርና የተማሪ ወዳጅነት ብዙ አልቆየም። ዊልያምስ በቻጓራማስ ስላለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ከአሜሪካኖች ጋር ሲስማማ ጄምስ አልተዋጠለትም፤ በፌዴሬሽኑም ነገር ተለያዩ። በፓርቲው ውስጥም ይህ ጋዜጣ የማን ነው የሚሉ በዙ። አዘጋጁ የፓርቲ ልሳን የሕዝብ መማሪያ ሊሆን ይችላል ብሎ ያምን ነበር፤ ፓርቲው ደግሞ ልሳን የአፍ አካል ነው፣ አፍ ካዘዘው ውጭ አይናገርም ባይ ነበር። ዎሬልን ባስሾመበት በዚያው ዓመት፣ በ1960፣ ጄምስ ከጋዜጣው ለቀቀ፤ ኋላም ከፓርቲው ተባረረ። የክሪኬት ቦርዱን ማንቀሳቀስ የቻለው ብዕር የራሱን ፓርቲ ማንቀሳቀስ አልቻለም። በ1962 ነፃነት ሊታወጅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወደ እንግሊዝ ሄደ። ስለ ነገሩ ሁሉ በዚያው ዓመት ባሳተመው የካሪቢያን የፓርቲ ፖለቲካ መጽሐፍ ውስጥ በዝርዝር ጽፏል።

በ1965 አውስትራሊያ ዌስት ኢንዲስን ልትገጥም ስትመጣ ጄምስ ለእንግሊዝ ጋዜጦች የክሪኬት ዘጋቢ ሆኖ ትሪኒዳድ ገባ። የስኳር ሠራተኞች አድማ መትተው ስለነበር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጇል። የዊልያምስ መንግሥት ዘጋቢውን በቁም እስር ከቤት አዋለው። ግጥሚያ ሊዘግብ የመጣ የ64 ዓመት ሽማግሌ! መንግሥቱ ግን የስፖርት ዘጋቢ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ሲያደርግ አይቶታልና። ሲፈታ የሠራተኞችና የገበሬዎች ፓርቲ አቋቁሞ፣ ጋዜጣውንም አዘጋጅቶ፣ በ1966 ምርጫ ተወዳደረ፤ አንድ ወንበር እንኳ አላገኘም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ አፄ ኃይለ ሥላሴ ትሪኒዳድን ሲጎበኙ የተቀበሏቸው ዊልያምስ ነበሩ፤ በ1935 ስለ ንጉሠ ነገሥቱ አገር በሎንዶን አደባባይ የጮኸው ሰው በዚያች ደሴት ተቃዋሚ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የቀረን በ1963 የታተመው የክሪኬት መጽሐፉ ነው፤ ስሙን ከሜዳው ወሰን ባሻገር ብለን ልንተረጉመው እንችላለን። ግማሹ የራሱ ሕይወት ነው፤ ግማሹ ታሪክና የሥነ ውበት ክርክር ነው። ዶክተር ግሬስ ስለተባለው ጺማም የእንግሊዝ ተጫዋች ምዕራፎች ጽፎ፣ የእንግሊዝ ማኅበራዊ ታሪክ ጸሐፊዎች በዘመኑ እጅግ የታወቀውን ይህን ሰው ስሙን ሳያነሡ ማለፋቸው እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል። ሕዝብ በሺህ ተሰብስቦ የሚያየውን ነገር ያላየ የታሪክ ጸሐፊ ሕዝቡን አላየም ማለት ነው። በእኛም በኩል ስለ 1928 ዓ.ም. የሚጻፉት መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በዚያች በወረራዋ ዓመት አዲስ አበባ ላይ መቋቋሙን የሚጠቅሱት ስንቶቹ ናቸው? መጽሐፉ ድክመትም አለው፤ ስለ እንግሊዝ የግል ትምህርት ቤቶች ሲጽፍ ፍቅሩ ሂሱን ያሸንፍበታል፤ ቅኝ ገዢውን እያወገዘ የቅኝ ገዢውን የጨዋነት ደንብ በጥርሱ ይዞ ይሞግታል። ግን ያን ሳይሸሽግ ፊት ለፊት አስቀምጦታል።

ዎሬል በ1964 የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ በ1967 ገና በ42 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተ። ኮንስታንቲን በ1969 የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሎርድ ሆነ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ዐረፈ። ጄምስ ከሁለቱም በላይ ዕድሜ አገኘ። የመጨረሻ ዓመታቱን በደቡብ ሎንዶን፣ በብሪክስተን፣ «ሬስ ቱዴይ» የተባለ የጥቁሮች መጽሔት ከሚታተምበት ቢሮ በላይ በምትገኝ ክፍል ኖረ፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ ዳርከስ ሃው የሥጋ ዘመዱ ነበር። ከዓለም ዙሪያ ወጣቶች ስለ አብዮት ሊጠይቁት ይመጡ ነበር። ግንቦት 31 ቀን 1989 እዚያው ዐረፈ፤ አስከሬኑም ወደ ቱናፑና ተወስዶ ተቀበረ።